ከጓሮ የተሠራ ወርክሾፕና የእርጅና ቅናሹ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ብየዳ ቤቱና የእንጨት ሥራ ቤቱ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው ከመኖሪያው ጓሮ ነው። ግቢው አንድ፣ አጥሩ አንድ። የግብር ጊዜ ሲደርስ ታዲያ ባለሙያው ማሽኖቹን አስመዝግቦ ቤቱን ይረሳዋል፤ አለዚያም ሁሉን ጠቅልሎ “ለወርክሾፕ” ብሎ በአንድ መስመር ይጽፈዋል። ሁለቱም ያከስራሉ።

የእርጅና ቅናሽ ማለት ለሕንፃና ለማሽን የወጣውን ገንዘብ በየዓመቱ በከፊል ግብር ከሚከፈልበት ገቢ ላይ መቀነስ ነው፤ የሚጠቅመውም የሒሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ ላይ ለሚከፍል ነው። ግብሩ በዓመታዊ ሽያጩ ብቻ ለሚሰላለት ሰው እርጅና ማስላት ትርፉ ድካም ነው።

በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ሕንፃ በዓመት 5 በመቶ፣ በቀጥተኛ ዘዴ (በየዓመቱ እኩል መጠን) ብቻ ይቀነስለታል፤ 20 ዓመት ማለት ነው። አጥርና ግድግዳም እዚሁ ውስጥ ናቸው። ኮምፒውተር በቀጥተኛው 20፣ ዋጋው እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ (በየዓመቱ ከቀረው ዋጋ ላይ በሚሰላው) 25 በመቶ ነው። የእንጨት ማሽኖቹ ሰርኩላሩና ፕላናው፣ የብየዳ ማሽኑም በቀጥተኛው 15፣ በሁለተኛው ዘዴ 20 በመቶ ይይዛሉ። መሬት አያረጅም፤ የቦታው ዋጋ ከሕንፃው ወጪ ጋር አይደመርም።

የ180,000 ብር ማሽን በቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 27,000 ብር ያስቀንሳል። ከሕንፃው ጋር ተጠቅልሎ ከተጻፈ ግን 9,000 ብር ብቻ። ስለዚህ መዝገቡን ግንባታው ሲጀመር መለየት ነው፤ ጣራው ከተመታ በኋላ የትኛው ሲሚንቶ ለመኖሪያ ቤቱ፣ የትኛው ለወርክሾፑ እንደገባ ማን ያውቀዋል?

ሕንፃው 400,000 ብር ወጣበት እንበል፤ የዓመቱ ቅናሽ 20,000 ነው። ቅናሹ የሚጀምረው ሥራ ላይ ከዋለበት ቀን እንጂ ከተጠናቀቀበት አይደለም። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ከሆነና ሥራው ጥር 1 ከጀመረ 180 ቀን ይቆጠራል፦ 20,000 በ180 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 9,863 ብር ገደማ። የሕንፃው ስፋት 40 ካሬ ሜትር ሆኖ 10ሩ የቤቱ ጤፍና በቆሎ ማስቀመጫ ከሆነ ደግሞ የሚቀነሰው ሦስት አራተኛው፣ 7,397 ብር ነው። ማዳበሪያና እህል የተደረደረበትን ክፍል ሙሉ በሙሉ የንግድ ነው ማለት ኦዲተር ሲመጣ አያዛልቅም። ንድፉን በሜትር ለክቶ ከፋይሉ ጋር ማያያዝ ይሻላል።

ብዙው ሰው የሚወድቀው ደረሰኝ ላይ ነው። ብሎኬቱና ቆርቆሮው ደረሰኝ አለው። የባሕር ዛፉ አጣና ግን ከገበሬ የተገዛ ነው፤ ድንጋዩም፣ አሸዋውም እንዲሁ። ለእነዚህ የሻጩ ስም፣ አድራሻ፣ መጠኑ፣ ዋጋውና ፊርማው ያለበት የግዥ ማረጋገጫ በዕለቱ ካልተሞላ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ለአናጺውና ለግንበኛው የእጅ ዋጋ ውልና የክፍያ ሰነድ ይያዝ። የልጆችና የወንድም ጉልበት ክፍያ ካልወጣበት ወጪ አይሆንም፤ “ሠራተኛ ብቀጥር ይህን ያህል ያስወጣኝ ነበር” የሚል ሒሳብ ተቀባይነት የለውም። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ከሆኑ ደግሞ በግዥ ላይ ከፍለው ያካካሱትን 15 በመቶ ከሕንፃው ዋጋ ውስጥ ያውጡት።

ግቢው በራስዎ ስም ሆኖ ለራስዎ ኪራይ ከፍያለሁ ብሎ ማስቀነስ አይሠራም። ግቢውም ሕንፃውም የአባት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ያኔ የሚያዘው በውል የተከፈለ ኪራይ ነው፣ እርጅናው የእርስዎ አይደለም።

የጎጃም ክረምት ቆርቆሮ አይምርምና ጥገናም አለ። በዓመቱ መጨረሻ ከሕንፃው የመዝገብ ዋጋ (እርጅናው ተቀንሶ ከቀረው ዋጋ) እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ጥገና በዚያው ዓመት ወጪ ይያዛል። የመዝገብ ዋጋው 380,000 ከሆነ ከፍተኛው መጠን 76,000 ብር ነው። ቆርቆሮውን በ60,000 ብር መቀየር ያልፋል፤ 90,000 ከወጣ ከሕንፃው ዋጋ ጋር ተደምሮ በ5 በመቶው መንገድ ይጓዛል።