የድንበሩ ሣር

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ብርሃነ ትንሣኤ በሰላም አደረሳችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ መንዝ፣ ከወላጆቼ ቤት፣ አባቴ በሸመነው ባና ተጠቅልዬ ነው። በጥቅምት ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያው ፋሲካችን ነውና፣ ሁዳዴን ሙሉ ከእናታችን ሳትለዪ ቤቱን ያቆምሽው እህቴ ሆይ፣ እግዚአብሔር ዋጋሽን ይክፈልሽ።

ስቅለት ዕለት በስግደቱ መካከል ልቤ ከእሱ አልላቀቅ አለኝ። አባቴ ወጣት ሳለ የጎረቤታችንን ድንበር ገፍቶ ሁለት ትልም ያህል አርሶበት ነበር፤ ያጫወተኝ ራሱ ነው። ለንስሐ አባቱ ተናዘዘ፣ መሬቱን መለሰ፣ ቀኖናውን ፈጸመ፣ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ተባለ። በማግስቱ ግን በሬዎቹን ድንበሩ ዘንድ ሲያዞር እጁ ሳያስበው እርፉን ወደዚያው ወገን ገፋው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሱ በኩል አንድ ትልም የሚያህል ቦታ ሳያርስ ይተው ጀመር፤ ዕድሜውን ሙሉ ሣር በቀለበት። ስቅለት ማታ ካህኑ በወይራው ጠብጥበው ስግደቱን ሲነግሩት «ይጨመርልኝ» ማለት ልማዱ ነበርና፣ አንድ ዓመት «ኃጢአትህ ተሰርዮልህ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይቅርታውንማ በአንድ ቃል ሰጠኝ፤ እጄን ነው እስካሁን የሚያስተምረው» አለኝ።

ጽድቅንና ቅድስናን ከዚህ አብልጦ የገለጸልኝ መምህር የለም። ደብረ ብርሃን ያለኸው ወንጌላዊ ወዳጄ፣ ስንት ጊዜ ተከራከርንበት! አንተ መጽደቅ በእምነት ብቻ የሚገኝ የእግዚአብሔር ፍርድ፣ ቅድስና ደግሞ ከእሱ የሚከተል ፍሬ እንደ ሆነ ትነግረኝ ነበር፤ እኔም በ40 ቀኔ በጥምቀት ያገኘሁት ልጅነት በንስሐና በቅዱስ ቍርባን እንደሚጸና፣ ከሥራ የተለየ እምነትም የሞተ እንደ ሆነ ያዕቆብን ጠቅሼ እመልስልህ ነበር። ሉተራውያንና ካቶሊኮች ከአራት መቶ ዓመታት በላይ ከተለያዩበት በኋላ በዚሁ ጉዳይ የጋራ መግለጫ የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1999 ነውና፣ የእኛ ክርክር ቶሎ አለማለቁ አያስደንቅም። አባቴ በተቀበረ ዕለት ግን ያን ሁሉ መንገድ መጣህ፤ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጠህ ሮሜ 4ን ገልጠህ፣ ክርስቶስ የተነሣው እኛን ለማጽደቅ መሆኑን አነበብህልኝ። እኔም ጥቂት ገልጬ ምዕራፍ 6ን፣ ጳውሎስ ብልቶቻችንን ለቅድስና እንድናቀርብ የሚያዝዝበትን፣ አሳየሁህ። ሁለታችንም የምናለቅሰው ስለ አንድ እጅ ነበር።

ሃምሳ አምስቱን ቀን ጾማችሁ፣ ተናዝዛችሁም፣ ያው የቀድሞ ድካማችሁ ተመልሶ ያሳፈራችሁ ወዳጆቼ፣ ይቅር ያላችሁ ጌታ እጃችሁ እስኪማር ድረስ ከእናንተ ጋር እንዲሆን እለምንላችኋለሁ።

ዛሬ ማለዳ እኒያ ጎረቤታችን፣ በዚያ እርጅናቸው፣ ከድንበሩ ያጨዱትን ሣር ተሸክመው መጥተው ቤታችን ውስጥ ጎዘጎዙት። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ታናሽ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ የአባታችንን እርፍ የምትይዘው አንተ ነህ። መሬቱ እንደ ጠበበህ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ያችን ሣር አደራ እንዳትነካት። መልካም ፋሲካ።