ጋሊብና ዝቅ ያደረገው ቋንቋ

የሕንዱ ገጣሚ ሚርዛ ጋሊብ ዛሬ የሚወደደው በኡርዱ ግጥሞቹ ነው፤ እሱ ግን መታወቅ የሚፈልገው በፋርስኛው ነበር። በአንድ የፋርስኛ ስንኙ ላይ እንዲያውም ኅብረ ቀለሙን ለማየት የፈለገ ፋርስኛውን እንዲያነብ፣ ቀለም የለሽ የሆነውን የኡርዱ መድበሉን ግን እንዲያልፈው ይመክራል።

እ.ኤ.አ. በ1797 በአግራ ተወልዶ፣ አባቱንና አሳዳጊ አጎቱን በልጅነቱ አጥቶ፣ በ13 ዓመቱ ተድሮ ኑሮውን በዴልሂ አደረገ። ከወለዳቸው 7 ልጆች አንድም አላደገለትም። ከአጎቱ የወረሰውን አበል ለማስከበር እስከ ካልካታ ሄዶ ቢከራከርም ባዶ እጁን ተመለሰ።

በ1841 የታተመው የኡርዱ ዲዋን፣ ማለትም የግጥም መድበሉ፣ ራሱ መርጦ ያስቀረው ስለሆነ ቀጭን ነው። ጋዘል በሚባለው የግጥም ዓይነት ውስጥ እያንዳንዱ ባለ ሁለት መስመር ስንኝ ለብቻው ይቆማል፤ በመሆኑም አንዱን ብቻ ነጥሎ ማየት ይቻላል። በጣም ከሚታወቁት አንዱን እንዲህ ልመልሰው፦ «ሺህ አምሮት አለብኝ፣ እያንዳንዱ ነፍስ የሚያስወጣ፤ ብዙው ወጣልኝ፣ ይሁን እንጂ የወጣው ጥቂት ነው»። በኡርዱው ለነፍስም ለምኞትም የገባው ግስ አንድ ሲሆን፣ በአማርኛም ነፍስ ይወጣል፣ አምሮትም ይወጣል፤ ተርጓሚ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገጥመውም።

በ1857 በእንግሊዞች ላይ የተነሣው አመፅ ሲከሽፍ፣ በግጥም ያማክረው የነበረው ንጉሥ ባሃዱር ሻህ ዛፋር ተጋዘ፤ የጋሊብ ወንድም ሞተ፤ ዴልሂም ወዳጆቹን አጣች። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ሃሊ እንደተረከው፣ አንድ እንግሊዛዊ ኮሎኔል ሙስሊም መሆኑን ሲጠይቀው «ግማሽ ነኝ፤ ወይን እጠጣለሁ፣ አሳማ ግን አልበላም» ብሎ መልሶለታል።

እኔ ከግጥሞቹ ይልቅ የምመለስባቸው በኡርዱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ረጅሙን የሰላምታ ሥርዓት ትቶ፣ ወዳጁ ከፊቱ የተቀመጠ ይመስል በወሬ መሐል ይጀምራል። ስለ ገንዘብ እጦቱና ስለ ሞቱ ሰዎች እያወጋ ቆይቶ ሰማዩ 2 ሰዓት ሲዘንብ የቤቱ ጣሪያ 4 ሰዓት እንደሚያፈስ ይነግረዋል። ይታተሙ ሲባል መጀመሪያ አልወደደም ነበር። የመጀመሪያው የደብዳቤ መድበል በ1868 ወጣ፤ ሁለተኛው ግን ጋሊብ የካቲት 15 ቀን 1869 ካረፈ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ታተመ።