በተጣራ ደም ውስጥ የቀሩ ነጭ ሴሎችን በእጅ መቁጠር

ተራው የደም ቆጠራ ማሽን ለዚህ ሥራ አይሆንም። ባልተጣራ አንድ ከረጢት ደም ውስጥ ነጭ ሴሎች በቢሊዮን ይቆጠራሉ። ነጭ ሴሎችን በሚያስቀር ፊልተር ካለፈ በኋላ በአውሮፓ መስፈርት ከ1 ሚሊዮን፣ በአሜሪካ ደግሞ ከ5 ሚሊዮን በታች መሆን አለባቸው። በ300 ሚሊሊትር ከረጢት 1 ሚሊዮን ማለት በማይክሮሊትር 3 ሴል ያህል ነው። ማሽኑ እዚህ ላይ 0.0 ያወጣል፣ ያ ግን ሴል የለም ማለት አይደለም። ደጋግሞ ደም ለሚወስድ ታካሚ የቀሩት ሴሎች ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጡበታል፤ ሰውነቱም በኤችኤልኤ (በሴሎች ላይ ባሉ መለያ ፕሮቲኖች) ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዲያመርት ያደርጉታል።

ስለዚህ የምቆጥረው በማይክሮስኮፕ ሥር በሚታይ ባለ መስመር የመስታወት መቁጠሪያ፣ በናዦት ቻምበር ነው። ጥልቀቱ 0.5 ሚሊሜትር ሲሆን 40 ረድፎች አሉት፤ እያንዳንዱ 1.25፣ በጠቅላላው 50 ማይክሮሊትር ይይዛል። የተለመደው ኒውባወር ቻምበር ጥልቀቱ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያሉ ጥቂት ሴሎችን ለማግኘት አይበቃም።

ከሁሉ በላይ የምጠነቀቀው ለናሙናው ነው። ከረጢቱን ቀስ እያልኩ እያገላበጥኩ በደንብ አደባልቃለሁ። ከከረጢቱ ጋር በተያያዘው ቱቦ ውስጥ የቆመውን ደም ሦስት ጊዜ ወደ ከረጢቱ ጨምቄ መልሼ እሞላዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ቱቦውን አሽጌ የምቆርጠው። ይህ ካልተደረገ የሚቆጠረው የቱቦው እንጂ የከረጢቱ ደም አይደለም። ቆጠራው በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ነጭ ሴል ሲቆይ ይፈራርሳልና።

ማቅለሚያው የቱርክ ፈሳሽ ነው፦ 2 ሚሊሊትር ግላሻል አሴቲክ አሲድ፣ 1 ሚሊሊትር ባለ 1 በመቶ ጄንሺያን ቫዮሌት፣ የቀረው እስከ 100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ። አሲዱ ቀይ ሴሉን ያፈርሳል፣ ቀለሙ የነጩን ኒውክለስ ያሳያል። በየቀኑ ከመጠቀሜ በፊት በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፈዋለሁ። በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በበጋ የመኪና መንገዱና የግንባታው አቧራ መስኮት ተዘግቶም ይገባል፣ ቻምበሩም ላይ ያርፋል።

100 ማይክሮሊትር ደም በ900 ማይክሮሊትር ቱርክ እቀላቅልና 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። የተከማቸ ቀይ ሴል (ፕላዝማው የተቀነሰለት ደም) ወፍራም ስለሆነ ፒፔቱን (መለኪያ መምጠጫውን) ቀስ ብሎ መሳብና ጫፉን ከውጭ መጥረግ ግድ ነው። ቻምበሩን ከሞላሁ በኋላ እርጥብ የጋዝ ጨርቅ ባለው ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ክብ ሳህን) ውስጥ ለ15 ደቂቃ እከድነዋለሁ። በዚህ ጥልቀት ሴሎቹ ወለሉ ላይ እስኪያርፉ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ የቸኮለ ሰው ገና ተንሳፍፈው ሳሉ ያልፋቸዋል። ከዚያ በማይክሮስኮፑ ባለ 20 እጥፍ ሌንስ (ኦብጀክቲቭ) 40ውንም ረድፍ እቆጥራለሁ። መብራት ቢጠፋ ናሙናው ሳይደርቅ እንድጨርስ ባትሪ ያለው ማይክሮስኮፕ እመርጣለሁ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቻምበሩ ከሚይዘው 50 ማይክሮሊትር ውስጥ ደሙ አንድ አሥረኛው፣ ማለትም 5 ማይክሮሊትር ነው። የተቆጠረው ለ5 ሲካፈል በማይክሮሊትር ያለውን ይሰጣል፤ ያ በከረጢቱ ሚሊሊትርና በ1,000 ይባዛል። መጠኑን የማገኘው በሚዛን ነው፦ የባዶውን ከረጢት ክብደት ቀንሼ በ1.06 (የአንድ ሚሊሊትር ደም ክብደት በግራም) አካፍላለሁ። ለ300 ሚሊሊትር 16 ሴል ከተቆጠረ 960,000 ይሆናል። ግን 16 ሲቆጠር በአጋጣሚ ብቻ 4 ያህል ወዲህና ወዲያ ይላል፤ ስለዚህ ድንበሩ ላይ ያለውን ሁለተኛ ቻምበር ሞልቼ እደግመዋለሁ።

የቀለም ፍርፋሪና አቧራ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋሉ፣ ግን ይታያሉ፦ ፍርፋሪው ማዕዘን አለው፣ አቧራው ፎከሱ ሲነካ ያብለጨልጫል። ያልተደባለቀ ከረጢት፣ የቆየ ናሙናና ያልረጋ ቻምበር ግን ቁጥሩን ዝቅ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ ምልክትም አይተዉም። ለዚህ ነው በጣም ያማረ ውጤት ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ። መቆጣጠሪያም አዘጋጃለሁ፦ ከመጣራቱ በፊት ከተወሰደ ናሙና፣ ለምሳሌ በማይክሮሊትር 6,000 ነጭ ሴል ካለው፣ ሁለት ጊዜ በተጣራ የዚያው ለጋሽ ደም 1 ለ10 ሦስት ጊዜ አቀጥናለሁ። በቻምበሩ 30 አካባቢ መውጣት አለበት። ከ20 በታች ከሆነ የዕለቱን ቆጠራ በሙሉ ውጤት ሳልሰጥ እይዛለሁ።

ከፍ ያለ ውጤት ሲደጋገም ወደ ማጣሪያው እሄዳለሁ፦ ደሙ እንዲፈጥን ከረጢቱ በእጅ ተጨምቋል? ፊልተሩ አየር ይዟል? ለጋሹ የሲክል ሴል (ቀይ ሴልን የማጭድ ቅርጽ የሚያስይዝ የዘር) ባሕርይ አለው? የእንዲህ ዓይነቱ ለጋሽ ደም ፊልተሩን ይዘጋዋል ወይም ነጩን ሳያስቀር ያልፋል። ያላለፈው ከረጢት አይጣልም፤ «ነጭ ሴሉ የተቀነሰ» የሚለው መለያ ይነሳለትና እንደ ተራ ደም ይመዘገባል።