አክተሩ አይሞትም ብዬ ገደልኩት

የመጀመሪያው አንባቢዬ የሳቀው ገጽ 112 ላይ ነው። የሚሳቅበት ገጽ አልነበረም። ጀግናዬ ትከሻውን በጥይት ተመቷል፣ ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል፣ ራሱን ስቶ ከነቃ ገና ሃያ ደቂቃው ነው፤ በዚህ ላይ የግንብ አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔ አንባቢው ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅ መስሎኛል። እሱ ግን ስልክ ደውሎ «ይሄ ሰውዬ በባትሪ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለኝ።

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለመጻፍ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህቺን አንብቡልኝ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም።

ታሪኩን ማሰብ፣ ምዕራፍ መከፋፈል፣ ክፉውን ሰውዬ መፍጠር፣ ይሄ ሁሉ ብዙም አላስቸገረኝም። በአራት ወር ረቂቁ አለቀ። ጉዱ ያለው ዱላው ላይ ነው።

ሁላችንም «አክተሩ አይሞትም» እያልን ነው ያደግነው። ስለዚህ አንባቢው ልጁ እንደማይሞት ያውቃል። ካልሞተ ቢያንስ ይሰቃይ አልኩ። ረቂቁን ያየልኝ አርታኢ ደግሞ ጭራሽ «ጨምርበት» አለኝ። በየምዕራፉ ካለፈው የባሰ ይድረስበት ነው የሚለው። የድርሰት አጻጻፍ የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው የሚሉት፤ ችግሩን አክብድ፣ አሁንም አክብድ። እኔ ሞኙ ችግር ማለት ቁስል መሰለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነበት። በኋላ ቁጭ ብዬ ስቆጥር በ36 ሰዓት ታሪክ ውስጥ 14 ጉዳት አድርሼበታለሁ። አሥራ አራት! አርታኢው እስከ ዛሬ «ተሳስቼ ነበር» አላለኝም። እኔም ሁለተኛ አልደወልኩለትም።

ከሳቁ በኋላ ረቂቁን ድንገተኛ ክፍል ለምትሠራ ጓደኛዬ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን መለሰችልኝ፤ ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተዥጎርጉሯል። «ይሄ ልጅ እኮ ምዕራፍ ሰባት ላይ ሞቷል» አለች። «ከዚያ ወዲያ የምትጽፈው ስለ ሬሳው ነው።»

ከትከሻው ጀመረች። ትከሻ ላይ መመታት ቀላል ነገር የሚመስለን ፊልም አስለምዶን ነው። ወደ ክንድ የሚወርደው ትልቅ ደም ቅዳ የሚያልፈው በዚያ ነው። እጅን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮችም በአንድ ላይ ተሰብስበው የሚያልፉት በዚያው ነው። ጥይቱ ወደነሱ ከሄደ ልጁ ወይ ደሙ ያልቃል ወይ እጁ ይዝላል፤ አጥር ላይ መንጠልጠል የለም። ጭንማ የባሰ ነው። የጭኑ ደም ቅዳ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። አዋቂ ሰው ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለቱ ከፈሰሰ ነፍሱ አደጋ ላይ ናት። የኔ ጀግና በየምዕራፉ ወለል ሲያጥብ ነበር። በእሷ ስሌት ስምንት ሊትር ፈሶታል።

ከዚያ ራስ መሳቱ መጣ። ጭንቅላቱን ተመትቶ ራሱን የሳተ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች፣ ቢበዛ በጥቂት ደቂቃዎች ይነቃል። የኔው ልጅ አራት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ፣ ሌላ ከተማ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ታስሮ ነው የነቃው። ነቅቶም ይቀልዳል። ያን ያህል የቆየ ሰው አንጎሉ በኃይል ተጎድቷል ማለት ነው። መንቃት ከቻለም ያስታውከዋል፣ ቀኑ ይጠፋበታል፣ አንዱን ጥያቄ አሥር ጊዜ ይጠይቃል። ሳይሻለው በድጋሚ ቢመታ ደግሞ ሊገድለው ይችላል። እኔ ሦስት ጊዜ ነው ያስመታሁት።

ከሁሉም የቆጨኝ ጥይቱን በጩቤ ቆፍሮ የሚያወጣባት ትዕይንት ናት። ሁለት ገጽ ሙሉ ጨርቅ አስነክሼው፣ በሻማ ብርሃን፣ እያላበው። ስጽፋት እኔም አልቦኛል። ለካ ሐኪሞች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ጥይቱን እዚያው ይተዉታል፤ ፍለጋው ከጥይቱ የባሰ ሊጎዳ ስለሚችል። ቀደድኳት። አሁንም ያናድደኛል፤ በጣም ቆንጆ ነበረች።

እዚህ ላይ አቁሜ ባስብ ኖሮ ጥሩ ነበር። አላሰብኩም። ከድጡ ወደ ማጡ ሄድኩ።

ሁሉንም ነገር በሕክምና ልክ ላስተካክል ብዬ ተነሳሁ። በሁለተኛው ረቂቅ ልጁ ምዕራፍ አራት ላይ አንድ የጎድን አጥንቱ ብቻ ይሰበራል። የጎድን አጥንት ለመጠገን ስድስት ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ የኔ ታሪክ ደግሞ 36 ሰዓት ነው። ስለዚህ ልጁ ይቀመጣል። ሲስቅ ያመዋል፣ ሲያስል ያመዋል፣ በረጅሙ ሲተነፍስ ያመዋል። ክፉው ሰውዬ ከተማውን ሊያወድም ደቂቃዎች ቀርተውታል፣ እኛ የህመም ማስታገሻ እንቆጥራለን። የተማርኩት እንዳይባክንም ስለ ትከሻ ነርቮች አንድ ገጽ ተኩል ጨመርኩ። ሁለት ወር በላብኝ። ለአምስት ሰው ሰጥቼ የጨረሰው ወንድሜ ብቻ ነው፤ እሱም ስላፈረ ነው።

ለወንድሜ ተናድጄ «የመጀመሪያው ይሻል ነበር፤ ሰው እኮ ይችላል!» አልኩት። ቴዎዶር ሩዝቬልትንም ጠቀስኩለት። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በ1912 እ.ኤ.አ. ለምርጫ ሲቀሰቅስ ሚልዋኪ ውስጥ ደረቱን በጥይት ተመቶ፣ ሆስፒታል ሳይሄድ መድረክ ላይ ወጥቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ተናግሯል። ጥይቱም እስኪሞት ከሰውነቱ አልወጣም። ይህን ብጽፍ ማን ያምነኛል?

ወንድሜ «የሱ ሆኗል፣ ያንተ አልሆነም» ብሎ ዘጋኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። የሩዝቬልትን ታሪክ ለምን አምናለሁ? ስለሆነ ብቻ አይደለም። ዝርዝሩ ነው የሚያሳምነኝ። ኪሱ ውስጥ ታጥፎ የነበረው 50 ገጽ ንግግርና የመነጽሩ የብረት ማኅደር የጥይቱን ጉልበት ቀንሰውለታል። ሰውዬው ደግሞ ሳል አስሎ ደም መውጣት አለመውጣቱን አይቷል፤ ደም ስላልመጣ ሳንባዬ አልተነካም ብሎ ነው መድረክ የወጣው። ቁስሉን አስቦበታል። የኔ ልጅ በ14 ቁስል ውስጥ አንዴም አላሰበበት። ገጽ ሲገለበጥ ይድናል። አንባቢውን ያሳቀው የዱላው ብዛት ብቻ ሳይሆን የኔ መርሳት ነው።

በሦስተኛው ረቂቅ አሥራ አራቱን ወደ ሦስት አወረድኳቸው። አንደኛው ትንሽ ነው፤ ልጁ በባዶ እጁ የአንዱን ራስ ቅል በቡጢ ይመታና ከትንሿ ጣቱ በታች ያለው የመዳፍ አጥንት ይሰበራል። የራስ ቅል ከእጅ አጥንት ይጠነክራል፤ ቡጢ የሚሰነዝሩ ሰዎች ይህን አጥንት ቶሎ ቶሎ ይሰብራሉ። በጠቡ መሃል ብዙም አልተሰማውም። ሰውነት እንደዚያ ነው፤ ሲሞቅ ይደብቃል፣ ሲበርድ ያስከፍላል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጁ አብጦ ይንቀጠቀጣል። ቁልፍ ማዞር አቃተው። የሽጉጡን ካዝና መቀየር አቃተው። ምዕራፍ 19 ላይ ገመድ ማሰር ሲኖርበት ጣቶቹ እንቢ ስላሉት የማያምናትን ሴት እንድታስርለት ለመነ። ይህን አላቀድኩትም ነበር፤ የተሰበረው እጅ ነው የጻፈው። አንዷ አንባቢ እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ እንዳነበበችው ነገረችኝ። ስምንት ሊትር ደም ያላመጣውን አንድ ቀጭን አጥንት አመጣው።

አሁን ልጁ ሲመታ «ነገ ጠዋት ጫማውን ማሰር ይችላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። የማይችለው ነገር ከሌለ ዱላውን አወጣዋለሁ። ጭንቅላት አላስመታም፤ የግድ ከሆነ አንዴ ብቻ፣ ከዚያም ያስታውከው። ዝግ ክፍል ውስጥ ከተተኮሰ ጆሮው ጭው ይበል፣ የሚያወሩትን ግማሹን ይሳት። «በየምዕራፉ ይባስ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ከባዱ ጉዳት መሃል ላይ ይድረስና የቀረውን መንገድ ተሸክሞት ይሂድ። ከጓደኛዬ ጋር የማንስማማበት አንድ ነገር አለ። እሷ አጥንቱ ስድስት ሳምንት ይጠብቅ ባይ ናት። እኔ ግን ደራሲ በሕመሙ መጠን ትንሽ ቢያጭበረብር ግድ የለኝም፤ መኖሩን ግን አይርሳ።

ምዕራፍ 26 ላይ ልጁ ከሦስተኛ ፎቅ ይዘላል። ከዚያ ከፍታ በእግሩ የሚያርፍ ሰው ተረከዙ ሊፈረካከስ፣ የወገቡ አከርካሪም ሊሰበር እንደሚችል ነግራኛለች፤ ሁለቴ። እኔ የልብስ ክምር ከታች አደረግኩለትና ቀረ። «ምን ዓይነት ልብስ ነው?» እያለች እስከ ዛሬ ትነዘንዘኛለች።