ከጠዋቱ 4፡12

የምሠራው ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ የቢሮና የትምህርት ቤት ዕቃ በሚያመርት አነስተኛ የእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበር ውስጥ ነው። የጨረታ ሰነድ መግዛት፣ ዋጋ መሙላት፣ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማሠራት፣ በመጨረሻም የታሸገውን ኤንቨሎፕ ከሳጥኑ ማድረስ የእኔ ድርሻ ነው። አዲስ አበባ ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ሰው ሁሉ «ጧት ሄዶ ማታ መመለስ ነው» ይላል። ጨረታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጠዋቱ 4፡00 ተዘግቶ 4፡30 የሚከፈት በመሆኑ፣ መኪናው መቼ ሞልቶ እንደሚነሣ ሳይታወቅ በዚያው ዕለት ንጋት ላይ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር እየታገሉ መውጣት ከቁማር አይለይም፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት እዚያው ማደር ግድ ይሆናል።

የዛሬ ሁለት ዓመት የካቲት መጀመሪያ ላይ የተማሪ ወንበር የማቅረብ ጨረታ ወጣ። ከሰነዱ ጋር አንድ ናሙና ወንበር እንዲቀርብ ታዝዞ ነበር። ሊቀመንበራችን ጉዳዩን ሲያስረክቡኝ «አደራ ልጄ፣ ለአልጋ ብዙ እንዳታወጣ፤ ውሎ አበሉ ያው እንደምታውቀው ነው» አሉኝ። እኔም «እሺ ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

ጨረታውን ያወጣው መሥሪያ ቤት ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። በዚያ አካባቢ ወዳሉ ሁለት ማረፊያዎች ስደውል፣ አንዱ አልጋ እንደሌለው ነገረኝ፤ ሌላው ለአንድ ሌሊት 1,400 ብር ጠየቀኝ። ዋጋው ከወትሮው መናሩን ለመረዳት ብዙ አላሰብኩም፤ የከተማ ሰው ስስት ነው ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለምን እንደናረ መጠየቅ ነበረብኝ። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ በየዓመቱ የካቲት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ እንደሚካሄድ፣ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው የኅብረቱ ዋና ሕንጻም የምሄድበት መሥሪያ ቤት ጎረቤት መሆኑን የማላውቅ ሰው አልነበርኩም። ማወቅና በሰዓቱ ማስታወስ ግን ለየቅል ናቸው።

ከዚህ በኋላ በራሴ ብልሃት ተመካሁ። የደብረ ብርሃን መኪና የሚያራግፈው ላምበረት መናኸሪያ ስለሆነ፣ ወንበር ተሸክሜ ከምንከራተት እዚያው አጠገብ ባድር ይሻላል ብዬ 600 ብር የሚከፈልበት አልጋ ያዝኩ። ዘመድ ቤት ማደርም አስቤ ነበር፤ አክስቴ ኮተቤ ናት። ዘመድ ቤት ማደር ግን ነጻ የሚመስለው ላልሞከረው ነው፤ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ማታ እስከ እኩለ ሌሊት ይወጋል፣ ጧትም ቡና ሳይጠጣ ከቤት መውጣት እንደ ቅያሜ ይቆጠራል። የአክስቴ ቡና ደግሞ ሦስተኛው ሳይደርስ አያስነሣም።

ያረፍኩበት ቤት ምድር ቤቱ ግሮሰሪ ስለነበር ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 6፡00 አላስተኛኝም፤ እሱን ግን እተወዋለሁ። ጧት 1፡30 ላይ ወንበሬን ይዤ ወጣሁ። መገናኛ ስደርስ የታክሲው ሰልፍ ተጠማዞ ጫፉ አይታይም። ተራዬ ሲደርስም ረዳቱ ወንበሩን አየና «ይህ የሦስት ሰው ቦታ ይይዛል፤ የሦስት ሰው ትከፍላለህ» አለኝ። እከፍላለሁ ብዬ ስስማማ ከኋላዬ የተሰለፉት ጮኹ። እውነታቸውን ነው፤ ሰው ቆሞ ወንበር ተቀምጦ አይሄድም። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚወስደው ባቡር ትዝ ብሎኝ ወደ ጣቢያው ብወጣ፣ በዚያ ሰዓት ባቡሩ ሰውን እንኳ የሚያስገባው በትከሻ ግፊያ ስለነበር ጥበቃው ወንበሬን በእጁ ምልክት አሰናበተው።

በመጨረሻ ኮንትራት ያዝኩ። አሽከርካሪው 950 ብር ጠይቆኝ ስከራከር ሌላ አሥር ደቂቃ አለፈ። እስጢፋኖስ አካባቢ ስንደርስ መኪናው ሁሉ ቆሟል፤ ትራፊክ ፖሊሶች መንገዱን ለእንግዶች አጀብ ዘግተውታል። «ስብሰባ መሆኑን አልሰማህም እንዴ ወንድሜ? የሚዘጉት መንገዶች በራዲዮ ሲነገሩ ነው የሰነበቱት» አለኝ አሽከርካሪው። ከሰላሳ ደቂቃ በላይ ከቆምን በኋላ ትንሽ ተንቀሳቅሰን ለገሀር ላይ እንደገና ስንቆም፣ ሂሳቡን ከፍዬ ወንበሩን በትከሻዬ አድርጌ በእግሬ ገሰገስኩ። የመሥሪያ ቤቱን አራተኛ ፎቅ ስረግጥ ሰዓቱ 4፡12 ነበር።

ሳጥኑ ተዘግቶ ታሽጓል። ጸሐፊዋ ላቤን አይታ ወንበር ሰጠችኝ፤ ኤንቨሎፑን ግን አልተቀበለችኝም። «ብቀበልህ እኮ በሰዓቱ የመጡት ይከሱኛል» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ እኔም በሰዓቱ ከመጡት አንዱ ብሆን እከስ ነበር።

ደብረ ብርሃን ስመለስ ሁላችንም እትዬ የምንላት የሂሳብ ሠራተኛችን አልተቆጣችም። ደረሰኞቹን ደርድራ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ደመረቻቸው። በአልጋው 800 ብር ቆጥቤያለሁ፤ ለኮንትራቱ ብቻ 950 ብር ከፍያለሁ። የማይመለሰው የሰነድ መግዣና ናሙናውን ለመሥራት የዋለው የባለሙያ ጉልበት ገና አልተቆጠረም። «አውቶቡሱ ያደረበት ነው ያደርከው» አለችና ወረቀቱን ከደረሰኞቹ ጋር በስቴፕለር አያያዘችው። እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ «መሃል ከተማ ነን» የሚል ማረፊያ ሲያጋጥመኝ «የማን መሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ፒያሳም፣ ሜክሲኮም፣ ቦሌም፣ መገናኛም ለየባለጉዳዩ መሃል ናቸው። ጉዳዩ አራት ኪሎ ያለ ሰው ቦሌ ቢያድር፣ ማረፊያው የቱንም ያህል ቢያምር ጧት የሚውለው ታክሲ ውስጥ ነው። ስለዚህ አሁን የመጀመሪያውን ስልክ የምደውለው ወደ ማረፊያ ሳይሆን ወደምሄድበት መሥሪያ ቤት ነው። ቢሮው በየትኛው ሕንጻ፣ በስንተኛው ፎቅ እንደሆነ፣ በዚያ ሰሞን የሚዘጋ መንገድ ወይም ስብሰባ ይኖር እንደሆነ ከጠየቅሁ በኋላ፣ በእግር የሚደረስ ንጹሕ አልጋ የት እንደሚገኝ የጥበቃ ሠራተኛውን አገናኙኝ እላለሁ። የጥበቃ ሠራተኛ የአካባቢውን ፔንሲዮን ከማንም ደላላ በተሻለ ያውቃል፤ ኮሚሽን ስለሌለውም ጉዱን ጭምር ይነግራል።

ለማረፊያው ስደውልም ዋጋውን በመጨረሻ ነው የምጠይቀው። አስቀድሜ ውሃው ሌሊትም ይኖር እንደሆነ፣ ምድር ቤቱ ግሮሰሪ ወይም ጭፈራ ቤት መሆን አለመሆኑን፣ በሩ ጧት ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ከሁሉም በላይ ሕጋዊ ደረሰኝ ይቆርጡ እንደሆነ አጣራለሁ። ደረሰኝ የሌለው ርካሽ አልጋ እትዬ ዘንድ ሲደርስ ከኪሴ የተከፈለ አልጋ ይሆናል። የክፍያው ነገር ሲነሣ የመኪናውን ወጪ ከአልጋው ዋጋ ጋር ደምሬ አወዳድራለሁ። ሊቀመንበራችን መጀመሪያ ላይ ይህ አልተዋጠላቸውም ነበር፤ የእትዬን ቁራጭ ወረቀት ካዩ በኋላ ግን ስለ አልጋ ዋጋ መጠየቅ ትተዋል።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሌላ የወንበር ጨረታ ወጣ፤ መሥሪያ ቤቱ ለም ሆቴል አካባቢ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው ከጀርባቸው ያለች ባለ ስምንት ክፍል ፔንሲዮን ጠቆመኝ፤ 900 ብር። ከደብረ ብርሃን ቀን 6፡00 ላይ ተነሥቼ ገና በብርሃን ደረስኩ፤ ዕቃዬን አስቀምጬም መንገዱን በእግሬ ለካሁት፤ ሰባት ደቂቃ። በማግስቱ 2፡30 ላይ ከበሩ ስደርስ ቢሮው አልተከፈተም ነበር። ጥበቃው ወንበሩን አይቶ «ናሙና ነው? በል እስኪከፈት ተቀመጥበት» አለኝ።

ተቀመጥኩበት፤ ነቀነቀኝ። ከመኪናው ጣሪያ ሲወርድ ሳይሆን አይቀርም፣ የአንደኛው እግር ብሎን ላልቷል። ከመንገዱ ማዶ ካለ ጎሚስታ ቁልፍ ተውሼ አጠበቅሁትና እንደገና ተቀመጥኩ። አሁን ጸጥ አለ። ሰዓቴን ሳይ 2፡50 ነበር።