ቀዩ በር የት ገባ?

ደንበኛችን የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር። በአንድ የቆየ እርሻ ውስጥ ያሉ አሮጌ ቤቶች ከመታደሳቸው በፊት ፎቶ ይነሱ። ፎቶዎቹም በጥቁርና ነጭ፣ በትልቁ ታትመው ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ። ካሜራውን የያዘው ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ወጣት ባልደረባዬ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፤ በተለይ ለቀለም ያለው ዓይን ያስቀናል።

ከሁሉም የወደደው የእንጨት ጎተራውን ነው። ሳንቃዎቹን ፀሐይና ዝናብ ሰነጣጥቋቸዋል። በሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ዙሪያውን አረንጓዴ ሐረግ ወጥቶበታል። በባለቀለሙ ፎቶ ላይ በሩ ከቅጠሉ መሃል ወጥቶ ዓይን ይስባል። ቢሮ ውስጥ ያየው ሰው ሁሉ “ይሄማ አለቀ” አለ።

ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየረው።

“ቀዩ በር የት ገባ?” አለኝ።

እውነትም በሩ የለም። ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነዋል። ኮንትራስት፣ ማለትም የጨለማውንና የብርሃኑን ልዩነት፣ ጨመረበት። የሳንቃው ስንጥቅ በጥቁር ተዋጠ፤ ሰማዩ ጭራሽ ነጣ፤ በሩ ግን እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ቀረ። ናሙናውን ያዩት ደንበኛችንም “የቱን ልይ?” ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይና አረንጓዴ ለዓይናችን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የሚያንጸባርቁት የብርሃን መጠን ተቀራራቢ ከሆነ ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶ አይለያቸውም። ለዚህ ነው የፊልም ዘመን ፎቶ አንሺዎች ሌንሱ ላይ ፊልተር የሚባል ባለቀለም ማጣሪያ ይገጥሙ የነበሩት። ቀይ ፊልተር ቀዩን ነገር ያነጣል፣ ሰማያዊውን ያጠቁራል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 በአሜሪካ ዮሰሚቲ ፓርክ ያለውን ሃፍ ዶም የተባለ አለት ሲያነሳ መጀመሪያ የተጠቀመው ቢጫ ፊልተር ነበር። የልቡን እንደማያደርስለት ሲገባው ለቀረችው አንድ ፕሌት (እንደ ፊልም የሚያገለግል መስታወት) ቀዩን ፊልተር ገጠመ። ሰማዩ ወደ ጥቁር ተጠጋ፤ አለቱም ገዝፎ ወጣ። ይህ የሚሠራው ግን ሰማዩ ሰማያዊ ሲሆን ነው። እኛ ያነሳንበት ቀን ሰማዩ በጭጋግ የነጣ ስለነበር ምንም ፊልተር አያጠቁረውም።

ልጁ ፎቶውን ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚይዘው የፋይል ዓይነት ስላነሳው የቀለሙ መረጃ አልጠፋም። በኮምፒውተር ቀዩን አነጣው፣ አረንጓዴውን አጠቆረው። በሩ ወጣ። ፎቶው ግን አሁንም አይናገርም። ለምን? የተነሳው በእኩለ ቀን፣ ከፊት ለፊት ነው። የሳንቃው ሻካራነት፣ የሚስማሩ ጉብታ፣ የድንጋይ መሠረቱ ውጣ ውረድ ሁሉ ተዳምጧል። ያንን ኤዲቲንግ አይመልሰውም። በእኔ እምነት አሮጌ ቤትን በጥቁርና ነጭ ለማንሳት ዋናው ምክንያት ደግሞ ይህ የዕድሜ ምልክት ነው።

ወደ ማምሻው ተመልሰን ሄድን። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ግድግዳውን በጎን ስትልሰው እያንዳንዱ ስንጥቅ የራሱን ጥላ ጣለ። ካሜራውን በጥቁርና ነጭ እንዲያሳይ አስተካከልነው፤ ሮው ፋይሉ ቀለሙን እንደያዘ ነው፣ እኛ ግን እያየን ያለነው ግራጫውን ነው። ልጁ በሩን ከቅጠሉ የሚለይበትን ቦታ ፍለጋ ወዲያ ወዲህ አለ። ወደ ግራ ጠጋ ሲል ብርሃን ያረፈበት በር ጥላ ውስጥ ከገባው ግድግዳ ጋር ጎን ለጎን መጣ። “አሁን ታየኝ!” አለ። እኔም ያኔ ነው ደስ ያለኝ።

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ ያዝኩት። ጣራውን ለማስገባት ካሜራውን ወደ ላይ ሲያቀና የቤቱ ቋሚዎች ፎቶው ላይ ወደ ውስጥ ጋደል አሉ። አዲስ ሕንፃ ላይ ቢሆን ተመልካቹ ራሱ በሐሳቡ ያቃናዋል። ጎተራው ግን ራሱ ዘመም ያለ ነው። ካሜራው ጋደል ካለ ያዘመመው ቤቱ ይሁን ፎቶ አንሺው በምን ይታወቃል? ስለዚህ ወደ ኋላ ራቅን፣ ትራይፖዱን (ባለ ሦስት እግሩን የካሜራ ማቆሚያ) በውሃ ልክ አስተካከልን። የቤቱ እውነተኛ ዘመምታ ብቻ ፎቶው ላይ ቀረ። ለእኔ ይህ የቤቱን ታሪክ ማክበር ነው።

የጎን ብርሃን ሁሌም ያዋጣል ማለቴ አይደለም። ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት ፎቶ አንሺዎች በርንድና ሂላ ቤሸር የድሮ ባለ እንጨት ማገር ቤቶችን ሲያነሱ የሚመርጡት ደመናማ ቀን ነበር። ጥላ ጣልቃ ሳይገባ የቤቱ ቅርጽ ብቻ እንዲታይ ነው። የእኛ ሥራ የሚፈልገው ዕድሜውን ማሳየት ስለሆነ ጥላው አስፈለገን።

ደንበኛችን ሁለተኛውን ፎቶ ተቀበሉት። ሲያዩት መጀመሪያ ያወሩት ስለ በሩ ሳይሆን ስለ ሳንቃው ነው። የቀረን የቆርቆሮ ጣራ ያለው መጋዘን ነው። እሱ በፀሐይ ሲያንጸባርቅ ስለሚያስቸግር፣ ልጁ ደመና እንጠብቅ ብሏል፤ እኔም ተስማምቻለሁ።