የሐምሌ 15ቱ ሒሳብ

ባንክ የሠራ ሰው ሰኔ 30ን ያውቃታል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋባት ቀን ናት። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁ ከሰኔ መባቻ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ደንበኛው ቤት ድረስ ሄዶ ደጅ ይጠናል። «ጋሼ፣ ለሦስት ቀን ብቻ እኛ ጋ ይደርልን» ይላል። ብሩ በሲፒኦ፣ በባንክ የክፍያ ማዘዣ፣ ከሌላ ባንክ ይመጣል፣ ሰኔ 30ን ያድራል፣ ሐምሌ በገባ በሳምንቱ ወደ መጣበት ይመለሳል። የዲፖዚት ታርጌቱ፣ ቅርንጫፉ እንዲሰበስብ የታዘዘው ተቀማጭ፣ ግን ተመትቷል። ቦነሱም አለ።

እኔ ያኔ በአንድ የግል ባንክ የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ። ትልቅ ከሚባሉት ነው፣ ስሙ ይቅር። ሐምሌ 2009 ላይ ለቦርዱ ኦዲት ኮሚቴ የሚቀርበውን ሪፖርት አዘጋጅ ተባልኩ። 20 ቅርንጫፎችን መርጬ የሰኔ 30ን ተቀማጭ ከሐምሌ 15ቱ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። በ13ቱ ላይ የመጨረሻው ሳምንት ጭማሪ እንደ በረዶ ሟሟ።

ሁለቱ ቅርንጫፎች ደግሞ ባሱ። አንድ የኦቨርድራፍት ደንበኛ፣ ማለትም በሒሳቡ ካለው በላይ በብድር እንዲያወጣ የተፈቀደለት፣ ሰኔ 29 ቀን የተፈቀደለትን ሙልጭ አድርጎ ያወጣና እዚያው መስኮት ላይ በወንድሙ ሒሳብ ያስገባል። ሌላኛውም ቅርንጫፍ ላይ ታሪኩ ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ይለያል። ብድሩም አደገ፣ ተቀማጩም አደገ። አዲስ ብር ግን አንዲት ሳንቲም አልገባም። ባንኩ የራሱን ገንዘብ ከግራ ኪሱ አውጥቶ ቀኝ ኪሱ ከተተና «አደግኩ» አለ። መጀመሪያ ያየሁት ቀን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ብልሃቱን አደነቅኩ።

ሁሉንም እንዳለ ጻፍኩት። አለቃዬ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። «የስንቱን እንጀራ ልትዘጋ ነው? አለዝበው እንጂ» አለኝ። አለዘብኩት። «በ13 ቅርንጫፎች» የሚለው «በጥቂት ቅርንጫፎች» ሆነ። የኦቨርድራፍቱ ጉዳይ ወደ አባሪ ተገፋ። ማንም እጄን አልጠመዘዘም። በገዛ ጣቴ ነው የመታሁት። በወረቀት ላይ የውስጥ ኦዲት ተጠሪነቱ ለቦርዱ ነው። ቦነሳችንንና የደረጃ እድገታችንን የሚያንቀሳቅሰው ግን ማኔጅመንቱ ነበር። ይህን የማያውቅ ኦዲተር የለም።

ከዚያ የስብሰባው ሰነድ ተጠረዘ። 300 ገጽ ገደማ ይሆናል። ለቦርድ አባላቱ የተላከው በዋዜማው፣ ወደ ማታ ላይ ነው። ነጋዴ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ ናቸው፣ ሁሉም የራሱ ሥራ አለው። በአንድ ሌሊት ማን ያነበዋል?

አንድ ሰው አነበበው። የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ባለሙያ ወይዘሮ ነበሩ። በጊዜው በነበረው የብሔራዊ ባንክ መመሪያ መሠረት፣ ከቦርዱ አንድ ሦስተኛውን የሚመርጡት የባንኩ ድርሻቸው 2 ከመቶ የማይሞላ ባለአክሲዮኖች ናቸው። ወይዘሮዋ የገቡት በዚያ በር ነው። እርሳሳቸውን ይዘው ገጹን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ጥቂት ማለት ስንት ነው?»

አለቃዬን አየሁት። እሱ ወረቀቱን ያያል።

«13» አልኩ።

«ከስንት?»

«ከ20።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የፋይናንስ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጣልቃ ገባ። «ሁሉም ባንክ የሚያደርገው ነው፣ ገበያው ነው» አለ። «ስለ ሌላው ባንክ አልጠየቅኩም» አሉት። «የእኛ ጠቅላላ ተቀማጭ ሐምሌ 15 ላይ ስንት ነበር?»

ያ ቁጥር በእጁ ያለ ሰው አልነበረም። ለቦርዱ በየወሩ የሚቀርበው የወሩ መጨረሻ ቀን ሒሳብ ነው። ሌላ ቀን ጠይቆ የሚያውቅ የለም።

ወይዘሮዋ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ስለ አሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ነበር። የባንኩ ሠራተኞች ታርጌት ለመምታት ሲሉ ደንበኛው ሳያውቅ በስሙ ሒሳብ ይከፍቱ ነበር። በፈረንጆቹ መስከረም 2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ገለልተኛ የቦርድ አባላቱ ያስጠኑት ሪፖርት የወጣው እኛ ከመሰብሰባችን ከጥቂት ወራት በፊት ነው። በፈረንጆቹ 2015 ለዌልስ ፋርጎ ቦርድ የሪስክ ኮሚቴ የተነገረው በዚህ ጥፋት 230 ሠራተኞች መባረራቸው ነበር። የተባረሩት ወደ 5,300 እንደሚደርሱ አባላቱ ያወቁት ቅጣቱ ሲታወጅ ነው።

«230ም ጥቂት ናት» አሉና አዩኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ሌላው ሌላው ቶሎ አለቀ። ከ2010 ጀምሮ ታርጌት የሚለካው በዓመቱ የዕለት አማካይ እንዲሆን ተወሰነ። የኦዲት ሪፖርት በማኔጅመንቱ በኩል ሳይዞር፣ ከስብሰባው 10 ቀን በፊት በቀጥታ ለኮሚቴው ሰብሳቢ እንዲደርስ ታዘዘ። አለቃዬ ለሁለት ወር ያህል ከሰላምታ በቀር አላናገረኝም።

ኅዳር 2011 ጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ ባለአክሲዮን ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። «እድገታችን ለምን ወረደ? ሌሎቹ እየጋለቡ እኛ ለምን እናዘግማለን?» አዳራሹ አጨበጨበ። የቦርዱ ሰብሳቢ ግራ ቀኝ አዩና ማይኩን ለወይዘሮዋ አቀበሉ።

«አልወረደም» አሉ። «ድሮም እዚሁ ነበር።»

ያጨበጨበ አልነበረም። ያን ቀን የቦርድ ምርጫም ነበር። ወይዘሮዋ አልተመረጡም።